ሜትር፣ ሚዛን ያለው አልጋ እና የቬንቲሌተሩ ስክሪን፦ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ የታካሚን ክብደት የሚነግሩን ሦስት ዕቃዎች ሲገመገሙ

ቁመቷ 155 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 85 ኪሎ የሆነች ሴት ሳንባዋ በኤአርዲኤስ (ሳንባ በድንገት ተቆጥቶ ፈሳሽ የሚሞላበት ከባድ ጉዳት) ተጎድቶ ቬንቲሌተር (መተንፈሻ ማሽን) ላይ ገብታለች እንበል። በአንድ ትንፋሽ ስንት አየር ይሰጣት? ልኩ በኪሎ 6 ሚሊ ሊትር ነው። ሚዛኑን ያመነ 6 በ85 አባዝቶ 510 ሚሊ ሊትር ያዛል። ሜትር ዘርግቶ ኪሎውን ከቁመቷ ያሰላ 287 ያዛል። ሁለቱም ቻርቱ ላይ «በኪሎ 6» ብለው ይፈርማሉ። ትክክለኛው ሁለተኛው ነው። ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮት አይሰፋም፤ የሳንባ መጠን የሚከተለው ቁመትንና ጾታን ነው። 510 ሚሊ ሊትር ለዚህች ሴት ሳንባ ሲመነዘር በኪሎ ወደ 10.7 ይጠጋል።

ይህ የቁጥር ጨዋታ እንዳይመስል፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካው የኤአርዲኤስ ኔትወርክ ጥናት 861 ታካሚዎችን አወዳድሮ ነበር። በኪሎ 12 ከተሰጣቸው 39.8 በመቶ፣ በኪሎ 6 ከተሰጣቸው 31.0 በመቶ ሞቱ። «ኪሎ» የተባለው ግን ሚዛን ላይ የሚነበበው አይደለም፤ ከቁመት የሚሰላው ነው። ጥናቱን ሁሉም ያውቀዋል፣ ይህቺን ዝርዝር ግን ብዙው ሰው ይዘላታል።

ስለዚህ እዚህ የምንገመግመው ክብደትን ለማወቅ የምንጠቀምባቸውን ሦስት ዕቃዎች ነው፦ ሜትር፣ ሚዛን የተገጠመለት አልጋ፣ እና ቬንቲሌተሩ ራሱ ቁመት የሚጠይቅበት ገጽ። የዋጋቸው ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ነው። የጥቅማቸው ቅደም ተከተል ደግሞ ከዋጋቸው ጋር አይሄድም።

ሜትር

ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። መጀመሪያ የሚታየው ጉድለቱ ርዝመቱ ነው፤ 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ያልቃል። ከዚያ በላይ ያለውን ሰው ለመለካት አንሶላው ላይ ምልክት አድርጎ ሜትሩን ማዞር ያስፈልጋል፣ እዚያ ላይ ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር በቀላሉ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ከጨርቅ የተሠራው ሲያረጅ ይለጠጣል። የተለጠጠ ሜትር ሰውን የሚያሳጥር ስለሆነ ትንፋሹም ያንሳል። ሦስተኛ፣ አንዱ ፊቱ በሴንቲ ሜትር ሌላው በኢንች የተጻፈ ስለሆነ በሌሊት ተረኛ እጅ ላይ ተገልብጦ ይነበባል። ከሁሉም የከፋው ግን ንጽሕናው ነው፤ ጨርቅ ላብና ደም ይመጥጣል፣ ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ይዞ ይሄዳል።

የአናጺው ባለ 3 ሜትር የብረት ሜትር አይለጠጥም፣ ርዝመቱም ይበቃል። ነገር ግን ጠርዙ ይቆርጣል፤ ሲለቁት በድንገት ተጠቅልሎ የደም ሥር መስመርን ወይም የሽንት ቱቦን ይዞ ሊጎትት ይችላል። በረኪና ሲነካውም ይዝጋል። ጫፉ ላይ ያለችው መንጠቆ ትንሽ ወዲያና ወዲህ ስትል የተበላሸች የሚመስላቸው አሉ፤ ሆን ተብሎ ነው፣ የራሷን ውፍረት እንድታካክስ ነው፣ አትንኳት።

የሚመረጠው ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ውስጡ የማይለጠጥ ክር ያለው፣ ቢያንስ 2 ሜትር የሚረዝም፣ ፊቱ ልሙጥ የሆነ ሜትር ነው። በ70 በመቶ አልኮል ይጠረጋል። በረኪና ከሆነ 5 በመቶውን አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውኃ ማቅጠን 0.5 በመቶ ይሰጣል፤ ከጠረጉ በኋላ በንጹሕ ውኃ ካላለፉበት ግን ቁጥሮቹ በወራት ውስጥ ይደበዝዛሉ። ሲገዙ ከብረት ማስመሪያ ጋር ጎን ለጎን ዘርግቶ 100 ሴንቲ ሜትር ላይ ማስተያየት ነው፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ካለፈ መመለስ።

የስህተቱን ዋጋ ማወቅ ጥንቃቄውን ያቀልላል። ኪሎን ከቁመት (በሴንቲ ሜትር) የሚያሰላው ቀመር እንዲህ ነው፦ ለወንድ 50 ሲደመር 0.91 ሲባዛ በ(ቁመት ሲቀነስ 152.4)፤ ለሴት መነሻው 45.5 ይሆናል፣ ሌላው ያው ነው። እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 0.91 ኪሎ ነው፣ በኪሎ 6 ሲሰላ 5.5 ሚሊ ሊትር ገደማ። ሁለት ሴንቲ ሜትር መሳሳት ማንንም አይገድልም። «ረዘም ያለ ሰው ይመስላል» ብሎ 15 ሴንቲ ሜትር መጨመር ግን ከ80 ሚሊ ሊትር በላይ ነው፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ፣ ሌት ተቀን። የተኛን ሰው በዓይን መገመት ከባድ ነው፤ በተለይ አጭር ሴቶች ላይ ግምቱ ወደ ላይ ያደላል፣ ለዚህም ነው ከልክ ያለፈ አየር ከሚሰጣቸው መካከል እነሱ የሚበዙት።

አለካኩ፦ ሁለት ሰው ይሁን። አልጋው ይዘርጋ፤ 30 ዲግሪ ቀና እንዳለ የተለካ ሰው ያጥራል። ዘርጋ ሲባል ኦክስጅኑ የሚወርድ ታካሚ ካለ ግን ለብቻው አልጋውን ማስተኛት አያስፈልግም፣ ለሌላ ሥራ ሲዘረጋ (አንሶላ ሲቀየር፣ በሆዱ ሲገለበጥ) አብሮ ይለካል፤ በቱቦ የሚሰጠው ምግብም ቀድሞ ይቁም። ትራሱ ይውጣ፣ ዓይኑ ቀጥ ብሎ ወደ ጣራ ይይ። አንዱ በአናቱ ላይ ጠንካራ መዝገብ አቁሞ ይይዛል። ሌላው እግሩን ቀጥ አድርጎ፣ መርገጫውን ወደ ላይ ገፍቶ፣ ተረከዙ ሥር ሌላ መዝገብ ያቆማል። እግሩ እንደተዘረጋ ጣቱ ድረስ መለካት የተለመደ ስህተት ነው። ሜትሩ የሚያልፈው በጎን፣ ፍራሹን ተከትሎ ነው። ወፍራም ሰው ላይ በሆዱ በኩል ከተዘረጋ ሜትሩ ኮረብታ ወጥቶ ስለሚወርድ ሴንቲ ሜትሮችን ከየትም ይጨምራል፤ ማለትም በትክክል ቁመቱ ይበልጥ የሚያስፈልገን ሰው ላይ ነው የሚዋሸው።

እግሩ የተሰበረ፣ ጀርባው የጎበጠ ወይም መዘርጋት የማይችል ከሆነ የግማሽ ክንድ ልኬት አለ። ክንዱን ወደ ጎን ቀጥ አድርጎ መዘርጋት፣ ከጉሮሮ ሥር ካለችው ጎድጓዳ ቦታ መሀል ጀምሮ የመሀል ጣትና የቀለበት ጣት እስከሚለያዩበት ድረስ መለካት። ለወንድ 1.40 ሲባዛ በልኬቱ ሲደመር 57.8፣ ለሴት 1.35 ሲባዛ በልኬቱ ሲደመር 60.1። 72 ሴንቲ ሜትር የመጣላት ሴት ቁመቷ 157.3 ይሆናል። ለዚህ ሥራ የልብስ ሰፊው 150ም ይበቃል፣ እንደ መጠባበቂያ ይቀመጥ። ክንዳቸው ከግንዳቸው አንጻር ረጅም በሆኑ ሰዎች ላይ ቀመሩ ቁመትን ከፍ እንደሚያደርግ ግን ይታወስ።

ሜትሩ ብቻውን ግማሽ ዕቃ ነው። ሌላው ግማሽ አጠገቡ የሚሰቀል ላሚኔት የተደረገ ካርድ ነው፤ በሌሊት በስልክ ካልኩሌተር ቅንፍ ሳይገባ ቀርቶ የወጣ ቁጥር ማንም አያጣራውም። በኪሎ 6 ሲሰላ፣ ለሴት 150 ላይ 260፣ 155 ላይ 287፣ 160 ላይ 314፣ 165 ላይ 342፤ ለወንድ 160 ላይ 341፣ 165 ላይ 369፣ 170 ላይ 396፣ 175 ላይ 423፣ 180 ላይ 451 ሚሊ ሊትር። ከ152.4 በታች ላለ ሰው ቀመሩ ይቀንሳል እንጂ አይቆምም፤ 148 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሴት 249 ነው የሚገባት። ብዙ ቦታ ቬንቲሌተሩ ሲከፈት «ለጊዜው 500» የማለት ልማድ አለ። ካርዱ ላይ አንድም 500 እንደሌለ ልብ ይሏል።

ካርዱ ላይ ቦታ ካለ አካሄዱም ይጻፍ። በኪሎ 8 ተጀምሮ በየሁለት ሰዓቱ ወይም ቀደም ብሎ አንድ አንድ እየተቀነሰ ወደ 6 ይወረዳል። ትንፋሹ መጨረሻ ላይ ግማሽ ሰከንድ ተይዞ የሚነበበው የፕላቶ ግፊት ከ30 ሴንቲ ሜትር ውኃ ካለፈ እስከ 4 ድረስ ይወረዳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳይከማች የትንፋሹ ቁጥር በደቂቃ እስከ 35 ሊወጣ ይችላል።

ሚዛን ያለው አልጋ

በጣም ውድ፣ በጣም የሚያምር፣ እና ብዙ ጊዜ ለማይሠራበት ሥራ የሚገዛ ዕቃ። ቬንቲሌተር ለማስተካከል አያገለግልም። ያገለግላል ብሎ ማመን ወፍራሙን ብቻ አይደለም የሚጎዳው። 170 ሴንቲ ሜትር ቁመት ኖሮት በቲቢ ከስቶ 48 ኪሎ የቀረ ወንድ በሚዛኑ ከተሰላለት 288 ይደርሰዋል፣ የሚገባው 396 ነበር። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማቻል፣ ታካሚው አየር ይጠማዋል፣ ከማሽኑ ጋር ይታገላል። ሲታገል አንዱን ትንፋሽ ሳያስወጣ ሁለተኛውን ይስባል፤ ሁለቱ ተደራርበው ሳንባው ውስጥ የሚገባው ከታሰበው እጥፍ ይሆናል። ቆጥቤ ሰጠሁ ያለው ሰው አብዝቶ ሰጥቷል።

አልጋው ዋጋውን የሚያወጣው ፈሳሽ ላይ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ፣ 1,000 ታካሚዎችን የያዘ ጥናት ፈሳሽ በቁጠባ የተሰጣቸውንና በልግስና የተሰጣቸውን አወዳድሯል። በሰባት ቀን ውስጥ የቁጠባው ቡድን ሒሳቡ ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ሲል የሌላው ወደ 7 ሊትር ጨምሮ ነበር። የሞት ቁጥሩ ላይ የረጋ ልዩነት አልታየም፤ ቬንቲሌተር ያላስፈለጋቸው ቀናት ግን 14.6 በ12.1 ሆነው ለቁጠባው አደሉ። በወረቀት የሚያዘው የገባ የወጣ ሒሳብ ላብን፣ ትኩሳትን፣ ተቅማጥን ስለማይቆጥር በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይሳሳታል፣ በሳምንቱ ብዙ ይሆናል። ሚዛኑ ያንን ይይዛል። ጥሩ አልጋ የሚባለው ሚዛኑ ትክክል የሆነ ሳይሆን በየቀኑ በተመሳሳይ መንገድ የሚሳሳት ነው ብንል አላጋነንም፤ የምንፈልገው ለውጡን ነው።

የሚበላሸው መቼ ነው? ዜሮ የሚደረገው ታካሚው ሳይተኛበት፣ ፍራሹ፣ አንሶላው፣ ትራሱ ሁሉ ተቀምጦ ነው። ድንገተኛ ታካሚ ሲመጣ ይህ ይዘለላል፣ ከዚያ በኋላ የሚነበበው ቁጥር ሁሉ የፍራሹን ክብደት ይዞ ይሄዳል። ቁስል እንዳይወጣ የሚደረገው የአየር ፍራሽ ፓምፕ እግርጌ ላይ ከተሰቀለ ይቆጠራል፤ ማጓጓዣ ሞኒተር፣ የኦክስጅን ሲሊንደር፣ የተንጠለጠለ የሽንት ከረጢት፣ የጎብኚ ቦርሳ ሳይቀር ይቆጠራል። አልጋው ግድግዳ ከተደገፈ ይቀንሳል። በአንዳንዶቹ መብራት ሲጠፋ ዜሮው አብሮ ይጠፋል፤ ሲገዙ ይህን ነቅሎ መሞከር ያስፈልጋል። የሚለካበት ሰዓት አንድ ይሁን፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሽንቱ ከተደፋ በኋላ ቢሆን ጥሩ ነው። ሚዛኑና የፈሳሽ ቻርቱ ከሁለት ኪሎ በላይ ከተለያዩ አልጋው ላይ የተረሳ ዕቃ ይፈለግ።

አልጋው ጎን ላይ የተለጠፈው የክብደት ጣሪያ ሌላው ወጥመድ ነው። የሚሸከመው ጠቅላላ ክብደት የተባለው ፍራሹንና የተንጠለጠለውን ሁሉ ይጨምራል፤ የታካሚው ጣሪያ ከዚያ ያነሰ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ያልተለጠፉበትን አልጋ አለመቀበል ይሻላል።

መድኃኒትና ምግብ ላይም ሚዛኑ ይጠየቃል፣ ግን ለሁሉም አንድ መልስ የለውም። ጡንቻን ከሚያዝሉት መድኃኒቶች፣ ቱቦ ሲገባ የሚሰጠው ሰክሲኒልኮሊን በሙሉ ክብደት ይሰላል፣ ሮኩሮኒየም ደግሞ በቁመት በሚሰላው። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የአሜሪካ የሕሙማን ምግብ መመሪያ ቢኤምአያቸው (ኪሎ በሜትር ለተለካ ቁመት ካሬ ሲካፈል) ከ30 እስከ 50 ለሆነ በቀን ከ11 እስከ 14 ካሎሪ በሙሉ ክብደት ኪሎ ይላል፣ ፕሮቲኑን ግን ከቁመት በሚሰላው ኪሎ 2 ግራም፣ ቢኤምአያቸው ከ40 በላይ ለሆኑት 2.5። ለከሳው ሰው ፈተናው ተቃራኒ ነው። በአንዴ ብዙ ከተመገበ በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት የተባለ ማዕድን ይወድቃል፣ የመተንፈሻ ጡንቻውም አብሮ ይዝላል፤ ስለዚህ ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) አስቀድሞ፣ ምግቡን በቀን በኪሎ 10 ካሎሪ ገደማ ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር። ቤተሰብ አፍልቶ የሚያመጣው አጥሚት ቱቦ ውስጥ ሲገባ ውፍረቱ በየቀኑ ስለሚለያይ ካሎሪውን ማንም አያውቀውም፣ ሲወፍር ቱቦውን ይዘጋል።

ቁጥሩ ስለ ውጤት ምን ይናገራል?

ሚዛን ገዢ ሁሉ የሚጠብቀው ጥያቄ ነው፦ ወፍራም ታካሚ ይሞታል ማለት ነው? በኤአርዲኤስ ነገሩ ተገልብጦ ነው የሚገኘው። ውፍረት ሰውን ለበሽታው ያጋልጣል፣ እ.ኤ.አ. በ2009ኙ የኤች1ኤን1 ጉንፋን እና በኮቪድ ጊዜ ታይቷል። አይሲዩ ከገቡ በኋላ ግን ብዙ ጥናቶች ውስጥ ወፍራሞች ከመደበኞቹ የባሰ አልሞቱም፣ አንዳንዴም የተሻሉ ሆነዋል፤ የከፋው ዕጣ የከሱት ነው። ደም ከሰውነት አውጥቶ ኦክስጅን በሚጨምረው ኤክሞ ላይ የነበሩ 790 ታካሚዎችን የያዘና እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የብዙ ማዕከላት ጥናት 320 ወፍራሞች ነበሩት። ከእነሱ 24.1 በመቶ፣ ከሌሎቹ 35.3 በመቶ አይሲዩ ውስጥ ሞተዋል።

ይህን ስብ ይጠብቃል ብሎ መተርጎም ችኮላ ነው። ወፍራም ሰው ቶሎ አይሲዩ ይገባል። በጀርባው ሲተኛ ሆዱ ሳንባውን ከታች ስለሚጨፈልቀው በራጅ ላይ ሁለቱም ሳንባ ነጭ ይታያል፣ ኤአርዲኤስ ተብሎ ይቆጠራል። እንዲህ ያለው ደግሞ ግፊት ሲጨመር ቶሎ ይከፈታል። ለሥራችን የሚጠቅመው መደምደሚያ ጠባብ ነው፦ ሚዛኑ ላይ የወጣው ቁጥር ሕክምና ለመንፈግ ብቻውን ምክንያት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ትልቁ የኤክሞ ጥናት ቢኤምአያቸው ከ45 በላይ የሆኑትን አላስገባም ነበር። ያ ለጥናት የተቀመጠ በር ነው፣ ለሕክምና የተቀመጠ ሕግ አይደለም።

ወፍራሙ ታካሚ ላይ የሚለወጠው የአየሩ መጠን ሳይሆን ዙሪያው ነው። ፒፕ (ታካሚው ሲያስወጣ ሳንባው እንዳይዘጋ የሚተወው ግፊት) ከፍ ይላል። አልጋው ሳይታጠፍ በሙሉ እግርጌው ዝቅ ብሎ ይዘነብላል፣ ሆዱ ከሳንባው እንዲርቅ። በሆዱ ሲገለበጥ ደረቱና ዳሌው ሥር ድጋፍ ተደርጎ ሆዱ ይንጠልጠል። ቱቦ ሲገባ ትከሻና ጭንቅላቱ ይደራረብለት፣ ጆሮው ከጉሮሮ ሥር ካለችው ጎድጓዳ እኩል እስኪሆን። የፕላቶ ግፊቱ 30 ቢነካም ከፊሉ የደረቱና የሆዱ ሸክም ስለሆነ ከፕላቶው ላይ ፒፕን ቀንሶ ማየት ያስፈልጋል፤ ልዩነቱ ከ15 በታች እንዲሆን ይፈለጋል።

የቬንቲሌተሩ ስክሪን

ጥሩ ሐሳብ፣ ሰነፍ አጠቃቀም። አዳዲሶቹ ማሽኖች ሲከፈቱ ጾታና ቁመት ጠይቀው ክብደቱን ራሳቸው ያሰላሉ፣ እያንዳንዱ ትንፋሽም በኪሎ ስንት እንደሆነ ያሳያሉ። ይህ ማሳያ ያለውን ማሽን ከሌለው እናስበልጣለን። ችግሩ ሳጥኑ ባዶ ሆኖ የማይመጣ መሆኑ ነው፤ ብዙዎቹ ላይ አንድ ቁመት አስቀድሞ ተሞልቶ ይመጣል፣ ወይም «ያለፈው ታካሚ» የሚል ቁልፍ አለ። የሌሊት ተረኛ «እሺ»ን ሲጫን የ180 ሴንቲ ሜትር ወንድ ቁጥር የ155 ሴንቲ ሜትር ሴት ላይ ያርፋል፣ ስክሪኑም «በኪሎ 6» ብሎ በአረንጓዴ ያበራል። እውነተኛው 9.4 ነው። ከማንቂያ ድምፁ ገደብ ጀምሮ ታካሚው መተንፈስ ሲያቆም ማሽኑ የሚሰጠው መጠባበቂያ ትንፋሽ ድረስ ከዚሁ ቁጥር የሚወጣባቸው ማሽኖች አሉ።

ሌላው ዓይነት «ክብደት» ብሎ ብቻ የሚጠይቀው ነው። እዚህ ላይ የሚዛኑ 85 ሳይሆን ከካርዱ የወጣው 47.9 ይገባል፤ ስክሪኑ ላይ «ከቁመት የተሰላ» ብሎ በፕላስተር መለጠፍ ይረዳል። በኮቪድ ጊዜ ከተለያየ አገር በእርዳታ የመጡ ማሽኖች ባሉበት ክፍል ሁለቱ ዓይነት ጎን ለጎን ስለሚቆሙ ፕላስተሩ ቅንጦት አይደለም።

ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ፣ ባለ 2 ሜትር የፕላስቲክ ሜትር ለእያንዳንዱ አልጋ አንድ፣ ካርዱ ጋር። ቀጥሎ ገንዘብ ሲገኝ ሚዛን ያለው አልጋ አንድ ወይም ሁለት፣ ፈሳሻቸው ለሚያስቸግር ታካሚዎች። ቬንቲሌተር ሲገዛ ደግሞ ሻጩ ፊት ማሽኑን አጥፍቶ አብርቶ የቁመቱ ሳጥን ባዶ መሆኑን ማየት። ሜትሩ ከቬንቲሌተሩ እጀታ ጋር በገመድ ይታሰር፤ ጠረጴዛ ላይ የተተወ ሜትር ሳምንት አይሞላውም፣ የአንዱ ሠራተኛ መጋረጃ ሲለካበት ይገኛል።